የታሸገ ካርታ ይከፈት ወይስ ይቀመጥ?

የመጫወቻ ካርታ እሰበስባለሁ ስል እዚህ ሐዋሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ቁማር ነው። እናቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ «ያንን ነገር ከሳሎን አንሺው» ትለኛለች። እኔን የያዘኝ ግን ወረቀቱ ነው። ማተሚያ ቤት ስለምሠራ ጥሩ ካርታ በእጄ ሲገባ የተለፋበት ልፋት ይታየኛል። አንዱ ካርታ ሁለት ወረቀት ነው፤ መሃሉ ጠቆር ያለ ሙጫ ስላለው አምፖል ፊት ብትይዙት እንኳ ከወዲያ ማዶ ያለው አይታይም። ገጹ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ስርጉዶች አሉ። አዲስ ካርታ አንዱ በአንዱ ላይ ያለ ችግር የሚንሸራተተው እነሱ ውስጥ በሚቀረው አየር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥራ በፕላስቲክ እንደታሸገ ይኑር? እንደ እኔ የሚሰበስቡ ልጆች «አይነካ» ባይ ናቸው። ሁሌ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1970 ላስ ቬጋስ ላለው ለጄሪስ ነጌት ካሲኖ የታተመውን ካርታ ነው፤ ያልተከፈተው በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ተሸጧል። እሱስ እሺ። ግን ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታተመውን፣ ዛሬም የሚታተመውን ባይስክል ራይደር ባክ የተባለ ካርታ አሽጎ ማስቀመጥ ምን ይጨምራል? እኔ በእሱ እሁድ እሁድ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከጓደኞቼ ጋር ኮንከር እጫወታለሁ። ዓሣ የበላ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ካርታዬን አይነካም፤ በዚህ አልደራደርም።

የማልከፍተው አንድ አለኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ አሮጌ ካርታ ነው፤ አፉ ላይ የመንግሥት የግብር ቴምብር ተለጥፎበታል። አሜሪካ የካርታ ግብር ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ1965 ስለሆነ፣ ካርታው ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑን የሚመሰክረው ያ ቴምብር ነው። ልክፈት ብል መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ስለዚህ ይቀመጥ። ሲቀመጥም ጠባቂ ይፈልጋል፦ በክረምት የሐይቁ እርጥበት ወረቀት ያጎብጣል፣ የድሮ ሴሎፎንም ሲቆይ እየተኮማተረ ሳጥኑን ያጣምማል። ከግድግዳው አርቄ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ጨምሬበት ነው ያስቀመጥኩት።

ሰሞኑን ከወንድሜ ጋር ያከራከረን ሌላ ነው። አክስቴ አሁን ደግሞ ዳግም አይታተምም የተባለ ካርታ ልካልኛለች፣ ያውም አንድ ብቻ። ወንድሜ «ዝም ብለሽ አስቀምጪው፣ ነገ ይወደዳል» ይላል። እኔ እከፍተዋለሁ። ሳጥኑ ላይ የሚታየው አንድ ሥዕል ነው፤ ውስጡ 52 ካርታ አለ። ንጉሡንና ንግሥቲቱን ሰዓሊ ተቀምጦ ስሏቸዋል፤ የእኔ ቢጤ ሠራተኛ ደግሞ ቀዩ ቀለም እንዳይጠቁርበት ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ውሏል። ያንን ሥራ ማንም ሳያየው መሸጥ ያንገበግበኛል። ዋጋው ከወረደም ይውረድ። የፊታችን እሁድ ልጆቹ ሲሰበሰቡ ፕላስቲኩን እኔው እቀደዋለሁ፤ ጆከሩን እንዴት አድርገው እንደሳሉት ለማየት ቸኩያለሁ።