ወርዶ የቀረው መስታወት

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት እናቴን ከቅዳሴ ልመልሳት ሄጄ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳንርቅ ለነዳያን ልትሰጥ ብላ በእሷ በኩል ያለውን መስታወት እስከ ታች አወረደችው። ወርዶ ቀረ። እሷ ስዊቹን ወደ ላይ ትስባለች፣ እኔም ከሹፌሩ ስዊች እሞክራለሁ፤ ምንም የለም። የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። እናቴ መኪናው ውስጥ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ውሃ ነው» እያለችኝ ቤት ደረስን። ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለች ሴት እንዲያ ስትረጥብ ማየት ከበደኝ። ይህን ነገር እኔው ራሴ አበጀዋለሁ ያልኩት ያኔ ነው።

ማታውን በእጄ ገፍቼ ላነሳው ታገልኩ። ለካ አይነሳም። ሞተሩ መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰው በጠመዝማዛ ጥርስ ነው፤ ሞተሩ ጥርሱን ያዞራል እንጂ ከመስታወቱ በኩል ተገፍቶ ሞተሩ አይዞርም። ሌባ መስታወቱን ወደ ታች ተጭኖ እንዳይከፍት የሚያግደውም ይኸው ነው። በላስቲክና በፕላስተር ሸፍኜው አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። የሹፌሩ በር ላይ ያለው የመስታወት መቆለፊያ እንዳልተጫነ አየሁ። የሌሎቹ በሮች መስታወት ሁሉ ስለሚሠራ ዋናው ፊውዝ ደህና ነው። ከዚያ የበሩን ፓነል ወደ መፍታት ሄድኩ፦ እጀታው ውስጥ የተደበቀውን ብሎን በካቻቢቴ፣ ክሊፖቹን ደግሞ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ አንድ በአንድ። መኪናዋ 20 ዓመት አልፏታል፤ ፕላስቲኩ ደርቆ ስለነበር ሁለት ክሊፖች ተሰበሩ።

ሶኬቱን ከሞተሩ ነቀልኩና የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የበሩ ማጠፊያ ብሎን ላይ፣ ቀዩን ሶኬቱ ውስጥ አደረግሁ። ስዊቹን ወደ ላይ ስስብ 12 ቮልት አሳየ። ኃይል እየደረሰው ካልዞረ ሞተሩ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ።

የድሮውን ሞተር ፈታሁ። አዲሱን ከመግጠሜ በፊት በእጄ እንደያዝኩት ሶኬቱን ሰካሁለት። ወደ ላይ ሳብኩ፤ ዝም። ወደ ታች ስጫን ግን መዳፌ ውስጥ ዞረ። ይህም ብልሽት ነው ልል ነበር፤ ነገር ግን ለማረጋገጥ የድሮውን አንስቼ ሰካሁት። እሱም ወደ ታች ይዞራል፣ ወደ ላይ ዝም። ሁለት የተለያዩ ሞተሮች አንድ ዓይነት በሽታ ሊይዛቸው አይችልም። ደግሞም ይህ ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቦታ ሲለዋወጡ አቅጣጫው ይቀየራል። አንደኛውን ወገን ከዞረ ሌላውንም መዞር አለበት።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የጨረሱ አባት ናቸው። ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የሚሄደውን አየህ፤ የሚመለሰውንስ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ተመልሼ ሞተሩን ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ትቼ፣ ስዊቹን ወደ ላይ እየሳብኩ በሶኬቱ ጀርባ በኩል ሁለቱንም ሽቦዎች በተራ ለካሁ። አንደኛው 12 ቮልት። ሁለተኛውም 12 ቮልት። የሚመለሰው ሽቦ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። በሁለቱም በኩል 12 ከሆነ ቮልቱ በሞተሩ ውስጥ አልፎ መውጫ አጥቶ ቆሟል ማለት ነው። ጠዋት የለካሁት ውሸት አልነበረም፤ እኔ ነኝ ግማሹን ብቻ የጠየቅሁት።

የእናቴ በር ስዊች ፖዘቲቩን እዚያው በሩ ላይ ያገኛል። ኔጋቲቩን ግን የሚያገኘው ሹፌሩ በር ላይ ባለው ዋና ስዊች በኩል ዞሮ ነው፤ ለዚህም ሁለት ሽቦዎች በሩንና የመኪናውን አካል አቋርጠው ይሄዳሉ። ከሁለቱ አንዱ ከተበጠሰ በዚያ በር ስዊች አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል፣ ከሹፌሩ ስዊች ደግሞ የትኛውም አይሠራም። የእኔ መኪና ጠባይ ቁርጥ ይኸው ነበር። መስታወቱ መጀመሪያውኑ እስከ መጨረሻው ወርዶ ስለነበር ግን «ወደ ታች ይሠራል» የሚለውን በዓይኔ ማየት አልቻልኩም። አንድ ምልክት ግን ነበረ፦ ወደ ታች ስንጫን የጣሪያው መብራት ትንሽ ይደበዝዛል፣ ወደ ላይ ስንስብ ንቅንቅ አይልም። አይቼው ነበር፤ ትርጉም አልሰጠሁትም። ከወር በፊትም ይኸው መስታወት አንዳንዴ እምቢ ይልና በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ይሠራ ነበር። በሩ ሲንቀሳቀስ የሚሻለው ብልሽት ከሞተሩ በፊት ሽቦውን እንድንጠረጥር ይገባል።

በሩና አካሉ መሃል እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ አለ። ከአካሉ በኩል ነቅዬ ወደ ኋላ ሰበሰብኩትና በሽቦዎቹ ላይ የተጠመጠመውን ናስትሮ ፈታሁ። ሁሉም ሽቦ ላዩን ጤነኛ ነው። አንድ በአንድ በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኳቸው። ስድስተኛው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ሽፋኑ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ለሁለት ተቆርጧል፤ ስሰነጥቀው ጫፎቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር እዚያች ነጥብ ላይ ይታጠፍ ነበር።

የተበላሸውን ቆርጬ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ለስላሳ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ቀጠልኩ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ፣ በሩ ሲከፈት እንዳይወጠር። መጋጠሚያዎቹን ከሚታጠፈው ቦታ አርቄ በካውያና በሊድ በየድኳቸው። የተበየደ ሽቦ ደረቅ ስለሚሆን እጥፋቱ ላይ ከዋለ እንደገና ይሰበራል። በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሼ፣ ናስትሮውን መልሼ ጎማውን አስገባሁ። ሞከርኩት። መስታወቱ ያለ አንዳች ድምፅ ወጣ። የድሮውን ሞተር መልሼ ነው የገጠምኩት፤ ምንም አልነካውም ነበር።

ከፓነሉ ጀርባ ያለውን ስስ ላስቲክ ማንም ሰው ቀዶ እንዳይጥለው እለምናለሁ። ዝናብ ሁልጊዜ በመስታወቱ ጠርዝ በኩል በሩ ውስጥ ይገባል፤ ላስቲኩ ነው ውሃውን ወደ ታችኛው ማፍሰሻ ቀዳዳ የሚመራው። ያላግባብ ከተለጠፈ ምንጣፉ ይረጥባል፣ ከርሞ ወለሉ ይዝጋል። ጥቁሩን ማጣበቂያ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ዙሪያውን በደንብ ተጫንኩት።

ሞተር ከመግዛቴ በፊት ሁለት ሽቦ ከባትሪው ቀጥታ ወደ ሞተሩ ስቤ፣ ቦታቸውን እየለዋወጥኩ ብሞክር ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። መስታወቱንም ያኔውኑ እዘጋው ነበር።

በማግስቱ እናቴን ለቅዳሴ ሳደርሳት መስታወቱን ሦስት ጊዜ አውርዳ አወጣችው። እኔም ከዚያ ወዲህ የሹፌሩን በር ጎማ ነቅዬ አየሁ። ከዚያ በር ሽቦዎች የአንዱ ሽፋን ተሰንጥቆ መዳቡ ይታያል። ሽቦውና ቱቦው ተገዝተዋል፤ ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።