ሰው መርከብ አይደለም

«ተራዬ ሲደርስ ጥሩኝ» ብላ ነርሷ ጎረቤቴ ከጠረጴዛው ተነሣች። ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዶ ስለነበር መነሣቷ አልከፋኝም። የከፋኝ ቃሉ ነው። ስድስት ጅቦች ከበዋታል፤ አንዱ የነጠላዋን ጫፍ ነክሶ እየጎተተ ነው። እርሷ ግን ቡና ልታወጣ ሄደች፤ ጅቡም ነጠላውን እንደነከሰ ቆሞ ጠበቃት።

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንዱ ተራኪ ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካል አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። ተራኪው እኔ ነኝ፤ ሕጉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምሠራው ማተሚያ ቤት ስለሆነ ቁርጥራጭ ካርቶን አይጠፋኝም፤ ወታደሮቻችን የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፤ ዳይሶቹ ከሉዶ ሳጥን የወጡ ባለ ስድስት ገጽ ናቸው።

የዚያን ጊዜው ሕጌ እንዲህ ይል ነበር። አጥቂው ለመምታት ይወረውራል። ካገኘ ተከላካዩ ለጋሻው ይወረውራል። ጋሻው ካልያዘ አጥቂው እንደገና ለቁስሉ ይወረውራል። ቁስሉ ከሕይወት ነጥብ ላይ ይቀነሳል። አንድ ጅብ ሃያ ነጥብ ነበረው፤ አንድ ጦር ደግሞ ቢበዛ ስድስት ነጥብ ይቀንሳል። ስድስቱን ጅቦች ለመግደል 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀብን። አሥራ አራት ነጥብ ያለው ጅብና አራት ነጥብ ያለው ጅብ እኩል ይነክሳሉ፤ እኩል ይሮጣሉ። በመካከል ያለው ሁሉ ቅነሳ ብቻ ነው። የሂሳብ መምህሩ ጓደኛችን ወረቀቱን አይቶ «ይህ የክፍል ሥራ ነው» አለኝ። ትክክል ነበር።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ የዚህን ጨዋታ ታሪክ ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ ነው። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያሳትሙ ከኋላው የጦር ሜዳ ጨዋታ ነበረ። በዚያ በጦር ሜዳ ጨዋታ ተራ ወታደር አንዴ ከተመታ ይወድቃል፤ በቃ። አንድ ሰው አንድ ጀግና ብቻ ይዞ ሲጫወት ግን ጀግናው በአንድ ውርወራ ሲሞትበት ይከፋዋል። አርነሰን በኋላ እንደተናገረው፣ የሕይወት ነጥብን ያመጣው ቀደም ሲል ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ብረት ለበስ መርከቦች ካዘጋጀው ሕግ ነው።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ወረቀቱን ትቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። መርከብ! መርከብ ይመታል፣ ይመታል፣ ብረቱ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይሰምጣል። እስኪሰምጥ ድረስ መድፉ ይተኩሳል። ለመርከብ የተሠራ ቁጥር ለመርከብ ልክ ነው። ሰው ግን መርከብ አይደለም። ሰው ይደክማል፣ ይደነግጣል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ጓደኛውን ዞሮ ያያል። ለዚህ ሁሉ ሕጌ ውስጥ አንዲት መስመር አልነበረችም።

የሕይወት ነጥብን አወጣሁትና በምትኩ ትንፋሽ አስገባሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ጠጠር ይይዛል፤ የገበጣ ጠጠር፣ በእጅ የሚዳሰስ፣ ከፊቱ የሚቀመጥ። አንድ ጠጠር ከከፈልክ በምትወረውራቸው ሁለት ዳይሶች ላይ ሦስተኛ ታክላለህ፤ ወይም በሌላው ላይ የመጣውን ምት በራስህ ጋሻ ትቀበላለህ፤ ወይም እየተዋጋህ ቦታ ትቀይራለህ። ጠጠርህ ካለቀ የሚቀጥለው ምት ይጥልሃል። ትንፋሽ የሚመለሰው ተራህን ሰጥተህ ድንጋይ ወይም ግድግዳ ተደግፈህ ስትቆም ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጠላት ይጠጋል። ጠጠር መሆኑ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመን እርሱ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈን ቁጥር ባለቤቱ ብቻ ያየዋል። ጠጠሩን ግን ሁሉም ያያል። ሰዎች አንዱ የሌላውን ትንፋሽ መቁጠር ጀመሩ።

ሁለተኛው ለውጥ ከአያቴ የመጣ ነው። አያቴ የሰንዳፋ ሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ፈረስ ጉግስ ይጫወቱ ነበር። በጉግስ አንዱ ፈረሰኛ እየሸሸ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውርበታል፤ የሚሸሸው ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ልጅ ሳለሁ «ዘንጉ ሲመጣ እንዴት ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዘንጉን አትይ፤ ትከሻውን እይ» አሉኝ። ትከሻው ሳይነሣ ዘንግ አይወጣም።

ስለዚህ አሁን በእኔ ጠረጴዛ ጠላት በድብቅ አይመታም። ዙሩ ሲጀመር ተራኪው የእያንዳንዱን ጠላት ትከሻ ይናገራል፦ «ይህኛው ጦሩን ወደ አንቺ አነሣ፤ ያኛው ወደ ፈረሶቹ እየሮጠ ነው።» ከዚያ ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ይናገርና ሁለት ዳይስ አንድ ጊዜ ይወረውራል። ድምሩ ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሰበው ይሆናል። ከስምንት በታች ከሆነ ጠላት ያሰበው ይሆናል። የጋሻ ውርወራ የለም፤ የቁስል ውርወራ የለም። «ሳትኩ» ተብሎ ምንም ሳይለወጥ የሚያልፍ ተራም የለም።

ስምንትን የመረጥነው በሂሳብ ነው፤ መምህሩ በአንድ ምሽት ሠንጠረዡን ሠራልኝ። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ሆኖ ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ 15ቱ ስምንትና ከዚያ በላይ ይሰጣሉ፤ ይህ 42 በመቶ አካባቢ ነው። ጠጠር ከፍለህ ሦስት ዳይስ ወርውረህ ምርጦቹን ሁለት ብትይዝ ግን ወደ 68 በመቶ ይወጣል። ልዩነቱ በእጅ የሚታወቅ ነው፤ ጠጠሩ ዋጋ አለው። ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ አንድ ነጥብ መጨመር ሁልጊዜ አምስት በመቶ ብቻ ነው፤ ሰው በጨዋታ መሀል አምስት በመቶ አይሰማውም። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ስለሌለን ነበር በባለ ስድስቱ የጀመርነው፤ አሁን ቢመጣልንም አልቀይረውም።

ሦስተኛው ነገር ውጊያው ስለ ምን እንደሆነ ነው፤ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተቸግሬአለሁ። መፍትሔውን ያገኘሁት ከመቀሌው ከበባ ታሪክ ነው። በ1888 ዓ.ም. እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገውን፣ ማጆር ጋሊያኖ ያዝዘው የነበረውን የጣሊያን ጦር ፊት ለፊት ማጥቃት ብዙ ሰው አስጨረሰ። እቴጌ ጣይቱ ውሃው እንዲያዝ መከሩ፤ ምንጩ ከምሽጉ ውጭ ነበርና። ውሃው ተያዘ፤ ምሽጉ ተለቀቀ። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል። እኔ ግን እንደ ጨዋታ ሕግ አውጪ ሆኜ ስሰማው ሌላ ነገር ሆነብኝ፦ እዚያ ሜዳ ላይ ማንን ገደልክ የሚለው ዋና ጥያቄ አልነበረም።

በአንድ ካርቶን ላይ ምንጩን፣ አንድ ሸለቆና ሦስት ትላልቅ ድንጋዮች ሣልኩ። ስድስት የክብሪት እንጨት ደረደርኩ፤ በየዙሩ አንዱ ይነሣል፤ ስድስተኛው ሲነሣ ይነጋል። እስኪነጋ ምንጩን ያዙ። ከምሽጉ የሚወጡት ወታደሮች የሚፈልጉት በርሜላቸውን ሞልተው መመለስ ነው። ይህ ከታሪኩ ላይ ተነሥቼ ለጨዋታው የፈጠርኩት ሌሊት ነው።

አምስተኛው ክብሪት ላይ ስንደርስ ነርሷ ጠጠር ጨርሳለች። ጋሼ ሚኒባስ ነጂ ናቸው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው፤ አንዲት ጠጠር ቀርታቸዋለች። እኔ ትከሻውን ተናገርኩ፦ «ድንጋዩ ጋ ያለው ወታደር ጠመንጃውን ወደ እርሷ አዞረ። ሁለቱ ደግሞ በርሜል ይዘው ወደ ምንጩ ወርደዋል።»

ጋሼ ጠጠሯን አንሥተው በሁለት ጣታቸው መሀል ማሸት ጀመሩ። ሦስተኛ ዳይስ ቢገዙባት ምንጩ ሊድን ይችላል። ለነርሷ ጋሻ ቢያደርጓት በሁለት ዳይስ ብቻ ወደ ምንጩ ይሄዳሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምንጩን ይያዙ፤ እኔን ይተዉኝ» አለች ነርሷ። ጀበናው ከኋላዋ ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ይንጫጫል፤ ዞር አላለችም።

«ዝም በይ አንቺ ልጅ» አሉና ጠጠሯን ከፊቷ አስቀመጡ። ዳይሶቹን አንሥተው ለወትሮው እንደሚያደርጉት እፍ ሳይሉ ለቀቋቸው። አምስትና ሁለት። ሰባት።

ማንም አልተናገረም። ሁለት በርሜል ውሃ ወደ ምሽጉ ገባ፤ ነርሷ ግን ቆማ አነጋች። ውጊያው ከመጀመሪያው ክብሪት እስከ መጨረሻው 35 ደቂቃ ወሰደ። ጋሼና መምህሩ ደረጃውን እየወረዱ ይከራከሩ ነበር፤ «ምንጩ ነው የሚበልጠው» የሚለው ድምፅ ከሁለተኛው ፎቅ ድረስ ይሰማኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከበባውን በሁለት ቀን አራዝሜ ጀመርኩ፤ ውሃ አግኝተዋላ።

የፈረሱ ሕግ ግን አልያዘልኝም። ፈረሰኛ ካርቶኑ ላይ ሲገባ ትከሻውን ተናግሬ ሳልጨርስ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ፈረስ አይደለም፤ ከደረሰ ደግሞ ሌላው ሰው የሚመርጠው ነገር ያጣል። ለፈረሰኛ ሁለት ትከሻ ሰጥቼው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሞክረነው ሁለቱንም ጊዜ ጨዋታው ተንዛዛ። አያቴ አሁን የሉም። ጥር ላይ ጥምቀትን ሰንዳፋ አሳልፌ ጉግስ የሚጫወቱትን አንድ ነገር ልጠይቃቸው አስቤአለሁ፦ የሚያሳድደው ፈረስ ስንት እርምጃ ሲቀረው ነው የሚሸሸው ሰው ዞሮ የሚያየው?