የአርታ ዳርቻዋ የጎማ ጀልባ

ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ስላለው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር መንገድ የምለው ብዙ የለኝም፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። እንቅልፌን ያባረረው ናጋድ ጣቢያ ያገኘሁት ባለ ታክሲ ነው። ከተማ ለመግባት 4 ሺህ ፍራንክ ጠየቀኝ፤ አንድ ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ይመነዘራልና ሂሳቡን ሳሰላው ከ22 ዶላር በላይ ሆነ። ሻንጣዬን ቀድሞ ጭኖት ስለነበር ከፈልኩ፤ እስከ ማግስቱም ተናድጄ ቆየሁ።

የሄድኩት ዌል ሻርክ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ያለ ወዳጄ ስለጋበዘኝ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት እነዚህ ከዓሣ ሁሉ የሚገዝፉ ፍጥረታት ፕላንክተን የሚባሉትን በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን ፍለጋ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገባሉ፤ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ ባለው በአርታ ዳርቻም ከመሬት ብዙም ሳይርቁ ይመገባሉ። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። የቡድኑ የምርምር መርከብ ደግሞ ተጣጥፋ በፒክአፕ የመጣች፣ ርዝመቷ 5 ሜትር የማይሞላ የጎማ ጀልባ ነበረች። የአገሬው ሰው በፈረንሳዮቹ ልማድ «ዞዲያክ» ይላታል።

ነጂው ልጅነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ ጅቡቲያዊ ነው፤ እንደ ድሬ ሰው ወግም ትልቁንም ትንሹንም በአንተታ ያናግራል። «አንተ! ጫማህን አውልቅ፤ እግርህንም ታጠብ» ብሎ ተቀበለኝ። ትንሽ ከፋኝ፤ ምክንያቱን ሲያሳየኝ ግን ዝም አልኩ። በጫማ የገባ አሸዋ በጀልባዋ ወለልና በጎን ቱቦዎቿ መካከል ተሸጉጦ፣ ማዕበሉ በገፋት ቁጥር ጎማውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል።

ውሃው ላይ ከወጣን በኋላ ጀልባዋ ለምን እንደተመረጠች ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ጎኗ ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማይል ጠላቂው ድምፅ ሳያሰማ ተንሸራቶ ይገባል፣ ሲመለስም ያለ መሰላል ይሳባል። ሻርኩ ቢታከካት የሚነካው ለስላሳ ጎማ ነው። አደገኛው ፕሮፔለሩ ነው፤ በዚህ ባሕረ ሰላጤ ከሚታዩት ዌል ሻርኮች ብዙዎቹ በጀልባ የተመቱበትን ጠባሳ ይዘው ይዞራሉ። ስለዚህ ነጂያችን ክንፉን ገና በሩቁ ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ በነፋስ እየተንሳፈፍን እንድንቀርብ ያደርግ ነበር።

ጠላቂዋ በመጀመሪያ የምታነሳው ከግራው ስንጥብ በስተኋላ ያለውን የነጠብጣብ ንድፍ ነው። ንድፉ በሕይወት ዘመን ስለማይለወጥ ለእያንዳንዱ ሻርክ መታወቂያው ሆኖ ያገለግላል፤ ፎቶዎቹን የሚያመሳስለው የኮምፒዩተር ስሌትም የተወሰደው ከዋክብትን ለመለየት ከተሠራ የሥነ ፈለክ ዘዴ ነው። ርዝመቱን ለመለካት ካሜራው ላይ ሁለት ትይዩ ሌዘሮች ታስረዋል፤ በሻርኩ ጎን ላይ በሚያርፉት ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ቀሪው የሂሳብ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያችው ጀልባ የፕላንክተን መረብ ጎታች ሆነች። መረቡ በጣም በዝግታ መጎተት አለበት፤ ትልቅ ሞተር ያለው ጀልባ ይህን ያህል ታግሶ አይሄድም። መረቡን እኔ ሳብኩት፤ እጄ እስኪላጥ ድረስ።

ጀልባዋ ግን ጠባቂ ትፈልጋለች። እኛ ጣና ላይ ታንኳችንን ከሥራ በኋላ ደንገሉ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ እናቆማለን፤ ይህቺ ደግሞ ከፀሐይ መሸሸግ አለባት። አሸዋው ላይ በቆየች ቁጥር በውስጧ ያለው አየር እየጋለ ቱቦውን ስለሚወጥረው በየመሃሉ ይተነፈስላታል፤ ውሃ ላይ ስትወርድ ቀዝቅዛ ትለሰልሳለች፣ እንደገናም በእግር ፓምፕ ትነፋለች። አንድ ጠዋት በስተቀኝ ያለው ቱቦ ረግቦ አገኘነው። ነጂው የሳሙና አረፋ ቀባው፤ ከእጀታው ሥር አረፋው እንደ ጤፍ ፍሬ ብቅ ብቅ ሲል ቀዳዳውን በጣቱ ያዘ። አካባቢውን ፈግፍጎ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ አስቀመጠን፤ የሰፈሬን ጎሚስታ ያህል የተካነ ነው፣ ሂሳብ ግን አልጠየቀንም። ቱቦዎቹ በክፍል በክፍል የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ያንሳፍፋታል። ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ቦምባር እ.ኤ.አ. በ1952 አትላንቲክን ያቋረጠው ከእሷ በማይበልጥ የጎማ ጀልባ መሆኑን ስሰማ ግን በእኔ በኩል እስከ ታጁራ ይበቃኛል አልኩ።

ሌሊቱን ስለ ቅለቷ ከፈልን። እኩለ ሌሊት ገደማ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋን ከነሞተሯ ሊገለብጣት ስለነበር አሸዋ የሞሉ ከረጢቶች ጭነንባት፣ ገመዷን ተራ በተራ ይዘን አነጋን። ድንኳኔ እዚያው ወደቀ፤ ማንም ሊያነሣልኝ አልመጣም። ከሁሉ ሰው ይልቅ ጀልባዋ ናት የምትታሰበው።

በመጨረሻው ቀን ጨው ቫልቮቿንና ሞተሩን እንዳይበላ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ነበረባት። ጅቡቲ ከተማ ከአገራችን ከአዲጋላ አካባቢ ጭምር በቧንቧ ውሃ ይደርሳታል፤ እኛ ያለንበት ዳርቻ ግን ያለው በጄሪካን የመጣው ብቻ ነው። ሦስት ጄሪካን ቀርቶ ነበር። ሁለቱ ለጀልባዋ ሆኑ፤ ሦስተኛውን ለስድስት ሰው አካፈሉን።