ፕሮፌሰር ባሕሩን ለሁለት የከፈለው ሪፈረንሴ

ለጆርናል የላክሁት ማኑስክሪፕቴ ባለፈው ሰኞ ተመለሰልኝ። ሪቪወር እጅ እንኳን አልደረሰም፣ ገና ፎርማቱን ሲያዩት ነው የመለሱት፣ እና ኤዲተሯ ከጻፈቻቸው ኮመንቶች አንዷ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም፣ "እነዚህ ሁለት ደራሲዎች አንድ ሰው ናቸው?" ትላለች። የሪፈረንስ ሊስቱን ከፍቼ ሳየው ቢ ስር ባሕሩ ዘውዴ አሉ፣ መጨረሻ ላይ ዜድ ስር ደሞ "ዘውዴ፣ ቢ." የሚባል ሌላ ሰው ቁጭ ብሏል፣ መጽሐፉ ግን ያው በ1991 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ነው። አንዱን በእጄ ነው የጻፍኩት፣ ሌላውን ጉግል ስኮላር ላይ ሳይት የምትለዋን ነክቼ ኮፒ ፔስት። ካምፓስ ስገባ መጀመሪያ ያነበብኩት የታሪክ መጽሐፍ የእሳቸው ነው፣ ታሪክ እንድወድ ያደረገኝም እሱ ነው፣ እና በገዛ እጄ ሰውየውን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በአባታቸው ስም ልኬዋለሁ። በጣም ነው ያፈርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፒኤ የሚባለውን በሉት ሌላውን፣ አብዛኛው የሪፈረንስ አጻጻፍ ስታይል ላስት ኔም ይቀድምና ኮማ፣ ከዛ የፈርስት ኔም የመጀመሪያ ፊደል ነው የሚፈልገው። ይሄ የቤተሰብ ስም ላለው አገር በደንብ ይሰራል፣ አያትም አባትም ልጅም አንድ ስም ነው የሚይዙት። እኛ ጋ ግን ሁለተኛው ስም አባት ነው፣ አለቀ። ልጄ አድጋ የሆነ ነገር ብታሳትም ላስት ኔም ብለው የሚይዙላት የኔን ስም ነው፣ የኔን ሲይዙ ደሞ የአባቴን። ስለዚህ "ዘውዴ እንደጻፈው" ያለ ሰው መጽሐፉን ያልጻፉትን አባት ነው የጠራው።

ማክሰኞ ከሰዓት ስድስት ኪሎ ወጣሁ። ላይብረሪ ውስጥ ብዙ ዓመት የሰሩ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ፣ ሄጄ "ጋሼ፣ እናንተ የኛን ሰው ስም እንዴት ነው የምትይዙት?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና "ልጄ፣ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፣ አሁን አንተን ግቢው በር ላይ በአባትህ ስም ብጣራ ዞር ትላለህ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ዞር አልልም። ከዛ የድሮውን የካርድ መሳቢያ ሳቡልኝ፣ ካርዶቹ ጠርዛቸው ከጣት ብዛት ጠቁሯል፣ በታይፕ የተመታው ፊደል አንዳንዱ ጋ ወረቀቱን በስቶታል፣ የታሪክ ጸሐፊውን ታደሰ ታምራትን ስፈልግ በታደሰ ነው ያገኘኋቸው። የገረመኝ ግን ማታ ቤት ገብቼ የአሜሪካኑን የኮንግረስ ላይብረሪ ካታሎግ ስከፍት እዛም ባሕሩ በባሕሩ ታደሰም በታደሰ ነው የተያዙት። ማለትም ላይብረሪዎቹ ያውቁታል፣ የሚገለብጠው ሶፍትዌሩና እኛ ነን።

የማስተካከያው መንገድ ቀላል ነው፣ ማንም ስላልነገረኝ ነው የተቸገርኩት። ዞተሮ የምትጠቀሙ ከሆነ (ሪፈረንስ የሚይዝላችሁ ሶፍትዌር ነው፣ ነፃ ነው፣ ላልጀመራችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ) የኦተር ስም የሚጻፍበት ሳጥን ጎን ትንሽ ምልክት አለች፣ እሷን ስትነኳት ላስትና ፈርስት ተብሎ የተከፈለው ሁለት ሳጥን አንድ ይሆናል፣ እዛ ላይ "ባሕሩ ዘውዴ" ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፣ ወርድ ላይ ሪፍሬሽ በሉት፣ ሳይገለበጥ ይመጣል፣ ጽሑፉ ውስጥም ሊስቱም ላይ። ገብረና ወልደ ያለባቸው ስሞች ተለያይተው ከተጻፉ ሶፍትዌሩ ልክ እንደ ዳቦ ነው የሚቆርሳቸው፣ እነሱን አንድ በአንድ እዩ። በላቲን ፊደል ሲሆን ደሞ ታደሰ በአንድ ዲ ነው በሁለት ዲ እያላችሁ አትገምቱ፣ ሰውየው ራሱ መጽሐፉ ሽፋን ላይ የጻፈውን ውሰዱ።

ከስሙ የባሰብኝ ግን ዓመተ ምሕረቱ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለውን ሕገ መንግሥት ውሰዱ፣ ነጋሪት ጋዜጣው ላይ አማርኛው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ይላል እንግሊዝኛው 1/1995፣ አዋጁ አንድ ነው፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. የወጣው ነው። እኔ አማርኛውን ይዤ ሊስቱ ላይ "ሕገ መንግሥት፣ 1987" ብዬ አለፍኩ። ታዲያ በፈረንጅ 1987 እኮ ደርግ የኢሕዲሪን ሕገ መንግሥት ያጸደቀበት ዓመት ነው! ውጭ አገር ያለ አንባቢ ያቺን መስመር ሲያይ ሌላ መንግሥት ሌላ ሕግ ነው የሚገባው፣ እና ሙሉ አርጊውመንቴ ተበላሸ ማለት ነው፣ ይሄን ደሞ ኤዲተሯም አላየችውም፣ ራሴ ነኝ ሌሊት ላይ ያገኘሁት። አሁን "1987 ዓ.ም." ጽፌ አጠገቡ 1995ን በቅንፍ አስገብቻለሁ። ወሩ ከታወቀ ሂሳቡ ግልጽ ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት 7 ትደምራላችሁ፣ ከዛ በኋላ 8። ወሩ የሌለው፣ 1958 ዓ.ም. ብቻ የሚል መጽሐፍ ሲሆን 1965/66 ብላችሁ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ፣ አንዱን መምረጥ ግምት ነው።

የጤና ልጆች፣ የምትጠቀሙት ቫንኩቨር የሚባለውን ስታይል ስለሆነ እናንተ ጋ ሪፈረንሱ በቁጥር ነው፣ ሊስቱ በፊደል ስለማይደረደር ይሄ ነገር አይታያችሁም፣ ግን እዛም ስሙ ይገለበጣል እና እዩት። ሌላ አንድ ነገር፣ ለኮኦተር የምትልኩት ፋይል ሳይቴሽኑ ከዞተሮ ጋር እንደተያያዘ ይሁን፣ ለጆርናሉ የምትልኩት ብቻ ከዞተሮ የተፈታው (አንሊንክ የተደረገው) ኮፒ ይሁን፣ ከተፈታ በኋላ ወደ ኋላ የለም።

ትናንት ማታ አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት፣ ሁለት ማኪያቶ ነው የፈጀው። ለኤዲተሯ አዎ አንድ ሰው ናቸው ብዬ ምክንያቱን ጻፍኩላት፣ ዛሬ ጠዋት መለሰችልኝ፣ ሊስቱ በሙሉ ወጥ ከሆነና መጀመሪያው ፉትኖት ላይ ካብራራኸው ችግር የለውም አለች። ፉትኖቱን እንዲህ አልኩት፣ "የኢትዮጵያውያን ደራሲዎች ስም እንደ አገራቸው ልማድ ከራሳቸው ስም ይጀምራል፣ አልተገለበጠም።" ከዛ የራሴን ስም የሚሞላበት ፎርም ላይ ስደርስ ላስት ኔም የምትለው ሳጥን ካልተሞላች አላሳልፍም አለችኝ፣ አባቴን ጻፍኩ፣ ምን ላድርግ። ኦርኪድ (የተመራማሪ መለያ ቁጥር የሚሰጠው) አካውንቴ ላይ ግን ላስት ኔም ግዴታ አይደለም፣ ፐብሊሽድ ኔም የሚል ቦታም አለ፣ እዛ ጋ ስሜን ከነአባቴ በቅደም ተከተሉ አስገብቼዋለሁ።