381 ቀን ያለ አውቶቡስ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው አሜሪካ ውስጥ፣ በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጥቁሮች ለ381 ቀን አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ስላደረጉት አድማ ነው። ሮዛ ፓርክስ የምትባል ጥቁር ሴት አውቶቡስ ውስጥ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም አለች፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር አደረገ፣ በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭን የሚለያየው ሕግ ተሻረ። ታሪኩ ሲወራ እንዲህ አጥሮ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ያ ሁሉ ሕዝብ በነጋታው ሥራ የሄደው በምንድን ነው?

ፓርክስ የታሰረችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ሐሙስ ማታ ነበር። እዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ማባዣ ማሽን ላይ ተጣደች። ወረቀት ለመቆጠብ በአንዱ ገጽ ላይ መልእክቱን ሦስት ጊዜ እያተሙ ይቆራርጡታል። ሲነጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ደርሷል፦ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ። ደግሞ ሴትዮዋ ድንገት ተነስታ አይደለም። የምትመራው የሴቶች ማኅበር ከዓመት ተመንፈቅ በፊት፣ ሜይ 1954 ላይ፣ አድማ ሊመጣ እንደሚችል ለከንቲባው በደብዳቤ አሳውቆ ነበር። ሰሚ አላገኘም እንጂ።

ጥያቄያቸው መጀመሪያ ላይ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ሳይ ይገርመኛል። ጥቁሩ ከፊት ሒሳብ ከፍሎ፣ ወርዶ፣ በኋላ በር እንዲገባ ይደረግ ነበር። አንዳንዱ ሹፌር ታዲያ ሰውዬው ኋላ በር ሳይደርስ ጥሎት ይነዳል። ሰዎቹ የጠየቁት በክብር እንዲስተናገዱ፣ ጥቁሩ ከኋላ ነጩ ከፊት ጀምሮ ቀድሞ የመጣ እንዲቀመጥ፣ ጥቁሮች በሚበዙበት መስመር ጥቁር ሹፌር እንዲቀጠር ነው። መለያየቱ ይቅር እንኳን አላሉም! ከተማው ይቺንም ነፈገ። በእኔ ግምት ትንሿን ነገር ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ትልቋን ጥያቄ ቶሎ አይሰማትም ነበር።

ወደ ትራንስፖርቱ ልመለስ። መጀመሪያ ጥቁር ባለታክሲዎች በአውቶቡሱ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም መጫን ጀመሩ። ከተማው ወዲያው ዝቅተኛው ታሪፍ 45 ሳንቲም ነው የሚል ሕግ መዘዘ። ስለዚህ 300 ያህል የግል መኪና ተሰባሰበ። መነሻና መድረሻ ተለየ፣ ተራ አስከባሪ ቆመ፣ አብያተ ክርስቲያናት መኪና ገዙ። የአገሩ ኢንሹራንሶች ውላቸውን ሲሰርዙ ዋስትናው ለንደን ድረስ ተሂዶ ከሎይድስ ተገኘ። ነጭ እመቤቶች እንኳ የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪናቸው ያመላልሱ ነበር። ከንቲባው አቁሙ ቢላቸውም ብዙዎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ማን ልብስ ይጠብላቸው?

ነዳጁስ? እዚህ ላይ የምወዳት ሴት ትመጣለች፤ ጆርጂያ ጊልሞር፣ ምግብ አብሳይ። ኪንግ አድማውን መርተሃል ተብሎ ሲከሰስ መስክራ ከሥራዋ ተባረረች። ከሴት ጓደኞቿ ጋር የዶሮ ሳንድዊች፣ ኬክና ፓይ እየሠሩ ይሸጣሉ፣ ገንዘቡን ለአድማው ያስገባሉ። ገዢው ነጭም ጥቁርም ነው። ስለዚህ ቡድናቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» አሉት። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል፣ ከየትም! እንዲህ ያለ ብልጠት ደስ ይለኛል።

ደስ የማይለኝም አለ። ክላውዴት ኮልቪን ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ በ15 ዓመቷ አልነሳም ብላ ታስራለች። መሪዎቹ ግን ለአደባባይ የምትሆን አይደለችም ብለው አለፏት። ለምን እንደፈሩ ይገባኛል። ጋዜጣውም ፍርድ ቤቱም በልጅቷ ላይ እንከን ይፈልጋል። ቢሆንም አይዋጥልኝም። በመጨረሻ የአውቶቡሱን ሕግ የጣለው ክስ የቀረበው በአራት ሴቶች ስም ነው። ኮልቪን አንዷ ናት፣ ፓርክስ የለችበትም።

ኖቬምበር 13 ቀን 1956 ኪንግ ፍርድ ቤት ተቀምጧል። ከተማው የመኪና ስምሪቱ ይታገድልኝ ብሎ እየተከራከረ ነው። እዚያው እያሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሰማ፦ በአውቶቡስ መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። የአላባማው ዳኛ ግን በዚያው ቀን ስምሪቱን አገደ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በወረቀት ከተማው የደረሰው ዲሴምበር 20 ነው። እስከዚያ አምስት ሳምንት ሰዉ ካሸነፈም በኋላ አውቶቡስ አልነካም፤ በእግሩ ሄደ፣ መኪና ካለው ጎረቤት ጋር ተጠጋግቶ ሄደ። እኔ ብሆን ውሳኔው የተሰማ ዕለት ማታ ፌርማታ ላይ ነበርኩ።