አቧራ የጠገበ አርቴፊሻል አበባ እንዴት እንዳጸዳሁ

ውሃ ከመቅዳቴ በፊት አንድ ቅጠል በጣቴ አሸት አደረግሁ። ጣት ላይ የሚቀረው ነገር እንደ ዱቄት የሚበን ከሆነ ብሩሽ ብቻ ይበቃዋል። ካጣበቀና ቡናማ ጭረት ከተወ ግን የቁሌቱ እንፋሎትና የእጣኑ ጭስ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ደርቋል ማለት ነው፤ ያለ ሳሙና አይለቅም። የእኔዎቹ ሁለቱም ዓይነት ቆሻሻ ነበረባቸው፦ የፕላስቲክ ሐረግ፣ በቫዝ ያሉ የጨርቅ ጽጌረዳዎች፣ እና እግሩ በጄሶ የተተከለ ረጅም ዛፍ።

ቅባት ቢኖርበትም ባይኖርበትም መጀመሪያ ደረቁን አቧራ ማራገፍ ግድ ነው። ሳይራገፍ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆንና በአበባው እጥፋት ውስጥ ይለጠፋል። በረንዳ ላይ አውጥቼ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው አዲስ የቀለም ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረግሁ። ብሩሹ የማይደርስበትን በፀጉር ማድረቂያ፣ በቀዝቃዛው አየር፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ነፋሁት። በሙቁ አየር መንፋት አያዋጣም፤ ብዙዎቹ ቅጠሎች የተያያዙት ቀልጦ በሚደርቅ ሙጫ ስለሆነ ሙቀት ሲያገኘው ይላላል፣ ቅጠሉም ይወልቃል።

ሐረጉ ቀላል ነው። በሳፋ 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሳሙና ሲበዛ ተለቅልቆ አያልቅም፣ የቀረው ደግሞ እንደገና አቧራ ይጠራል። ዘቅዝቄ ነክሬ ለ15 ሰከንድ ያህል አወዛወዝኩት፣ መገጣጠሚያዎቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ፣ በንጹህ ውሃ ሁለቴ አለቀለቅሁት። ጠብታ ተቀምጦ ከደረቀ ነጭ ምልክት ስለሚተው በደንብ ማራገፍ ነው።

ጽጌረዳዎቹ ላይ ጥንቃቄ ይበዛል። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ብዙ ጊዜ ይለቃል። ነጭ ጥጥ በሳሙናው ውሃ አርጥቤ፣ በማይታየው የአበባው ጀርባ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ተጫንኩ። ጥጡ የቀላባቸውን ውሃ አላስነካኋቸውም፤ ከግንዱ በላይ ያለውን አበባቸውን ብቻ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ድፍን ጨው ጨምሬ፣ አፉን ግንዱ ላይ ጨብጬ ለሁለት ደቂቃ ያህል ወዘወዝኩ። ጨው ቅባት አያሟሟም፤ ፍሬው እየፈተገ ነው አቧራውን የሚያነሳው፤ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ይታያል። ደቃቅ ጨው ግን እጥፋት ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ደግሞ የግንዱን ሽቦ ያዝጋል። ስለዚህ አበባውን ገልብጦ፣ መታ መታ አድርጎ፣ በብሩሽ ጨርሶ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ቀለም ያለቀቁት ላይ እንኳ መንከር የለም። በሳሙናው ውሃ ነክሬ በጨመቅሁት ስፖንጅ ጫን ለቀቅ አደረግሁ፤ ማሸት የጨርቁን ጠርዝ ይተረትረዋል። በንጹህ ውሃ በታጠበ ስፖንጅ ደገምኩት፣ ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ዘቅዝቄ ጥላ ላይ ሰቀልኳቸው። ቀና ካሉ ውሃው አበባው ከግንዱ የሚገናኝበት ቦታ ያቁርና ሽቦው ይዝጋል፤ ወደ ጨርቁ የወጣ የዝገት ነጠብጣብ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ላዩ ቶሎ ቢደርቅም ውስጡ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ወዘወዛው አንዳንድ አበባ ከግንዱ ያስወልቃል። ብዙዎቹ ድርብርብ ሆነው አንድ የፕላስቲክ እሾህ ላይ የተሰኩ ናቸው፤ በቅደም ተከተላቸው መልሶ መጫን ይበቃል። አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይረዳል። የተተረተረውን ክር በመቀስ እቆርጣለሁ፤ ከተሳበ ሌላውን ይዞ ይመጣል።

ዛፉ አሰልቺ ነው፣ አቋራጭም የለውም። ጄሶው ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሻግታል፤ ስለዚህ እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ይቀድማል። ቅጠሉን ከታች በመዳፍ ደግፌ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ከአንገቱ ወደ ጫፉ ጠረግሁ። ውሃው ሲደፈርስ ወዲያው መቀየር ነው፤ አለዚያ ቆሻሻውን ከቅጠል ወደ ቅጠል ማዘዋወር ይሆናል።

በረኪና አልጠቀምም፤ ቀለሙን ይበላዋል። ቅጠሉ እንዲያብረቀርቅ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት ደግሞ ለሚቀጥለው አቧራ ማጣበቂያ ማዘጋጀት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

አሁን በየሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ እጠርጋለሁ። ወደ ወጥ ቤቱ በር የሚቀርበው ቦታ ላይ የሚቀመጠው ሐረጉ ብቻ ነው፤ ጽጌረዳዎቹን ጭሱ ወደማይደርስበት መደርደሪያ አዛወርኳቸው።