ያልመጣ ወር ወለድ

ዛሬ ማርቆስ ሲዘንብ ዋለ። ብድሬን ልዘጋ ሄጄ፣ በስብሼ፣ ሳልዘጋ ተመለስኩ።

የተበደርኩት ለባጃጅ ነው። 180,000 ብር፣ በ15 በመቶ ወለድ፣ ለ3 ዓመት። በወር 6,240 ብር ገደማ ይደርሳል። 20 ወር አንድም ቀን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ። ሰሞኑን ጀርመን ያለችው እህቴ «በቃ ዝጋውና ተገላገል» ብላ ብር ላከችልኝ።

ብድር ክፍል ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አየና «16 ወር ይቀርሃል፤ 99,800 ብር» አለኝ። የክፍያ ሰንጠረዡን ይዤ ነበር። ከመታጠፍ ብዛት መሀሉ ተቀዷል። የ20ኛው ወር መስመር ላይ ቀሪው ዋና ብድር 90,000 ሊሞላ ትንሽ ነው የጎደለው። በጣቴ አሳየሁት።

«ታዲያ ይቺ 9,800 የምንድን ናት?»

«የወለድ ነዋ።»

የየትኛው ወር ወለድ? ገና ያልመጣው! መጀመሪያ ወር ከከፈልኩት ውስጥ 2,250 ብሩ ወለድ ነበር፤ አሁን ከ1,200 በታች ወርዷል። የሚሰላው በቀሪው ዋና ብድር ላይ ስለሆነ ነው። ዋናው ዛሬ ካለቀ ወለዱ ከምን ላይ ይሰላል? ልጁ «አሠራራችን ነው» አለኝ። እሱም ምን ያድርግ፣ ተቀጣሪ ነው።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለአሥራ አምስት ቀን የተከራየሁትን በሬ በአምስተኛው ቀን ብመልስ፣ ባለቤቱ ለሌላ ያከራየዋል። የቀረውን አሥር ቀን ደግሞ ከእኔ ሊቀበል ነው?» አሉ። እኔ ካልኩሌተር ይዤ ግማሽ ቀን የፈጀሁበትን እሳቸው በአንድ በሬ ጨረሱት።

እህቴ ደግሞ የእነሱን አገር ነገረችኝ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የፍጆታ ብድር መመሪያ፣ ተበዳሪው በፈለገው ጊዜ ቀድሞ መክፈል ይችላል፤ የቀሪው ጊዜ ወለድም ይቀነስለታል። አበዳሪው ካሳ ቢጠይቅ እንኳ ቀድሞ ከተከፈለው ገንዘብ ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ የቀረው ጊዜ ከዓመት ካልበለጠ ደግሞ ግማሽ በመቶ ነው። በእኔ ቢሰላ 900 ብር። እሷንማ በደስታ እከፍላለሁ። አበዳሪውም እኮ ያቀደው ነገር ይፋለሳል።

የእኔ ውል ምን ይላል? አላነበብኩትም ነበር፤ አፍሬ ነው የምጽፈው። ስፈርም ዓይኔ ባጃጁ ላይ ነበር። አሁን አውጥቼ አየሁት። 4ኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተበዳሪው ቀድሞ መክፈል ሲፈልግ በጽሑፍ ያሳውቃል ይላል። ሙሉ ወለድ ይከፍላል የሚል ግን የትም የለም። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ አበዳሪዎች ቅሬታ የሚቀበሉበት አሠራር እንዲኖራቸው ያዛል። ማመልከቻዬን ጽፌያለሁ፤ ሁለት ኮፒ። አንዱ ላይ የደረሰበትን ቀን አስጽፌ ማኅተም አስመታበታለሁ። ሊብሬው ገና እነሱ ካዝና ውስጥ ነው።